ፓይለት ለመሆን የትኛው መንገድ ይረክሳል ላልከው የቨርጂኒያው ወንድማችን

ጥያቄህን አየሁት። ሥራ ላይ ነህ፣ ትንሽ ቁጠባ አለህ። ተበድሬ ቶሎ የሚያስጨርስ ትምህርት ቤት ልግባ ወይስ ሰፈሬ ያለች ትንሽ ኤርፖርት ላይ እየከፈልኩ ልማር ነው ያልከው። እኔ በሁለተኛው ነው የወጣሁት፤ አሁንም የምመክረው እሱኑ ነው፣ ግን እንደ አያያዝህ ነው።

መጀመሪያ የፈርስት ክላስ ሜዲካልህን (ለአየር መንገድ ፓይለት የሚጠየቀውን የጤና ምርመራ) ጨርስ። አየር መንገድ ለመቀጠር ስታስብ ዓይንህ፣ ልብህ፣ የምትወስደው መድኃኒት ሁሉ ይጠየቃል። እዚያ ላይ ችግር ካለ ብር ሳታፈስ ብታውቀው ይሻላል። ዜግነት ካልወሰድክ ደግሞ ግሪን ካርድ ቢኖርህም የቲኤስኤ (የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት መሥሪያ ቤት) ማጣሪያ ስላለ ቀድመህ አመልክት።

ለግል ፈቃድ ሕጉ ቢያንስ 40 ሰዓት ይላል። በ40 እጨርሳለሁ ብለህ አታስብ፤ በጀትህን በ60 እና በ70 መካከል ያዝ። ለኮሜርሻል (በርረህ እንዲከፈልህ ለሚያስችለው ፈቃድ) በፓርት 61፣ ማለትም ከአስተማሪህ ጋር እንደሚመችህ በምትማርበት ደንብ፣ ጠቅላላ 250 ሰዓት ነው፤ በፓርት 141፣ ማለትም የጸደቀ ሥርዓተ ትምህርት ባላቸው ትምህርት ቤቶች፣ ግን 190። ብዙ ሰው ይህን አይቶ 141 ይረክሳል ይላል። ሁልጊዜ አይደለም። የሰዓት ዋጋቸው ከፍ ካለ ልዩነቱ እዚያው ይበላል። በ61 የምትጨምረውን ሰዓት ደግሞ ከጓደኛ ጋር መካፈል ትችላለህ። አንዱ ውጭ እንዳያይ ተሸፍኖ የአውሮፕላኑን መሣሪያዎች ብቻ እያየ ይበራል፣ ሌላው ሴፍቲ ፓይለት ሆኖ ውጭውን ይጠብቃል። ሕጉን ጠብቃችሁ ከሠራችሁ ሁለታችሁም ሰዓቱን ትመዘግባላችሁ፣ ኪራዩን ግን ትካፈላላችሁ።

ኪስ የሚያራቁተው ግን ማቋረጥ ነው። ደመወዝ ሲገባ ብቻ የሚበር ተማሪ በየጊዜው የረሳውን ሲከልስ ይከፍላል። ስለዚህ ለአንድ ፈቃድ የሚበቃ ብር እስኪሞላልህ አትጀምር። ከጀመርክ በሳምንት ሦስቴ ብረር። የጽሑፍ ፈተናውን አስቀድመህ ጨርሰው፤ ውጤቱ 24 ወር ይቆያል።

ትምህርት ቤት ስትመርጥ የተቀባ ግድግዳ አትይ። ለስንት ተማሪ ስንት አውሮፕላን አለ? አንዷ ስትበላሽስ? ነዳጅ በኪራዩ ውስጥ ነው? የቼክራይድ (ፈቃድ ለማግኘት ከፈታኝ ጋር የሚደረግ የበረራ ፈተና) ወረፋ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ፈታኝ ስትጠብቅ ወር ካለፈ እጅህ እንዳይረሳ እየከፈልክ ትበራለህ። «አሁኑኑ ሙሉውን ብትከፍል ቅናሽ አለ» ካሉህ ተወው። በ2008 ሲልቨር ስቴት የተባለ የሄሊኮፕተር ትምህርት ቤት ድንገት ሲዘጋ ብዙ ተማሪ ያለ ፈቃድ ብድር ታቅፎ ቀርቷል።

ዲግሪ ከሌለህ ኮሌጁንም አስበው። አየር መንገድ የሚያስገባህ ሰዓት 1500 ነው፤ ከጸደቀ የአቪዬሽን ፕሮግራም በባችለር ከወጣህ ግን በ1000 ይበቃሃል፣ በሁለት ዓመት ዲግሪ በ1250። የመንግሥት የትምህርት ድጋፍ ለምታገኝ ሰው ይህ ሊያዋጣ ይችላል። ዲግሪ ካለህ ለዚህ ብለህ አትመለስ።

ከኮሜርሻል በኋላ የአስተማሪነት ፈቃድ አውጣ። ከዚያ ሰዓቱን የምትሰበስበው እየተከፈለህ ነው። ክፍያው ትንሽ ነው፣ ዘመድም «አሁንም ተማሪ ነህ እንዴ?» ማለቱ አይቀርም፤ ዝም ብለህ ሰዓትህን ሙላ።

ሁለት ሦስት ቦታ ሄደህ የሰጡህን የዋጋ ዝርዝር እዚሁ ለጥፈው፣ የደበቁትን ወጪ አብረን እንፈልጋለን።