«ራሴን እያሻሻልኩ ነው» ስል ባለቤቴ ለምን ሳቀች?

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ ነው የምንኖረው፤ ከተጋባን አሥራ ስድስት ዓመታችን ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እየተነሣሁ እራመዳለሁ፤ ከመጽሐፍ አዟሪ የገዛሁትን የሥነ ልቦና መጽሐፍም በቀን አሥር አሥር ገጽ አነብባለሁ። አንድ ማታ እራት ላይ «ራሴን እያሻሻልኩ ነው» አልኳት ባለቤቴን። ሆዴን አየት አድርጋ «ራስህን ብቻ? ሆድህስ መቼ ነው የሚሻሻለው?» ብላ ሳቀች። ሰባተኛ ክፍል ያለችው ልጃችን የአማርኛ የቤት ሥራዋን ይዛ ነበርና «የዚህ ዐረፍተ ነገር ባለቤቱ ማነው?» ብላ ጠየቀች። «እኔ ነኝ» ከማለቴ እናቷ «የለም፣ ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ አባትሽ ተሳቢ ነው» አለቻት። ሦስታችንም ስቀን አለፈ። ጥያቄው ግን ውስጤ ቀረ። አባባሌ አማርኛ ነው ወይስ ከፈረንጅ አፍ የተገለበጠ?

መልስ፦ ልብዎ ይረፍ፤ አማርኛ ነው። አድራጊውና ተደራጊው አንድ ሰው ሲሆን «ራስ»ን መጥራት ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። ግእዝ «ርእስ»ን ለዚሁ ሥራ ይጠቀምበታል። አማርኛም «ራሱን ቻለ»፣ «ራሱን ገዛ»፣ «ራሱን ጣለ» ሲል የኖረ ቋንቋ ነው።

ባለቤትዎን ያሳቃት ቃሉ አናትነቱን ጨርሶ ስላልተወ ነው። «ታጠብኩ» ካሉ ገላዎን ነው፤ «ራሴን ታጠብኩ» ካሉ ፀጉርዎን ነው። «ራሴን አመመኝ» ያለ ሰው ክኒን ይቀርብለታል እንጂ ማንም ማንነቱ ታመመ ብሎ አይደነግጥም። ራስ መኮንን ድልድይን የተሻገረ ሁሉ ደግሞ ሦስተኛውን ትርጉም፣ ማዕረጉን፣ በአፉ ጠርቶ ያልፋል። «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለው ተረት አናትንም ማንነትንም በአንድ ቃል ይዞ ነው ጣፋጭ የሆነው። የባለቤትዎ ቀልድ ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ነው፤ አማርኛዋ ሕያው እንደሆነ ይመሰክርላታል።

«ራስ» የግድ የሚያስፈልግበት ቦታ አለ። «ተሾመ» ካልን ሌላ ሰው ሾሞታል፤ «ራሱን ሾመ» ካልን ነገሩ ተገለበጠ። «ተጎዳ» እና «ራሱን ጎዳ»ም እንደዚያው ናቸው። ግሱ በ«ተ» ብቻ የራስን ድርጊት ከተናገረ ግን «ራስ» ትርፍ ይሆናል፤ ታጠበ፣ ተላጨ፣ ታጠቀ፣ ተዘጋጀ። ዛሬ ዛሬ በየስብሰባውና በየአነቃቂ ንግግሩ «ራሴን አዘጋጀሁ» ሲባል እሰማለሁ። «ተዘጋጀሁ» ምንም አልጎደለውም፤ ባይተዉት ደስ ይለኛል።

«ተሻሻልኩ» መካከል ላይ ነው ያለው። ቃሉ የሚውለው ቢሮ ነው። ደመወዝ ይሻሻላል፣ መመሪያ ይሻሻላል፣ ሕግ ይሻሻላል። አዋጅ ቁጥር 213/1992 ስሙ ራሱ «የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ» ነው፤ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎት የነበረውን ለውጦ ባልና ሚስት ቤታቸውን በእኩልነት እንዲመሩ ያደረገው ይህ ሕግ ነው። ታዲያ ሕጉ ራሱን አላሻሻለም፤ ሌሎች አሻሻሉት። «ተሻሻልኩ» ብቻ ቢሉ እርስዎም እንደ መመሪያ ሌላ ሰው ያረመዎት ይመስላል። «ራሴን» ማለትዎ በሰዋስውም በትርጉምም ትክክል ነው። ከእንጀራውና ከሽሮው አጠገብ የቢሮ ቃል መስማት ግን ጆሮን ይኮረኩራል፤ የሳቁ ሌላ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

«ተለውጫለሁ» ብል ይሻል ነበር ብለው አስበው ከሆነ ይተዉት። በትዳር ውስጥ «ተለውጠሃል» ክስ ነው፤ «ፍቅርህ ቀዝቅዟል» ማለት ነው።

አሁን ወደ ግሱ ሥር እንግባ፤ እኔን በጣም የሚያስደስተኝ እዚህ ያለው ነገር ነው። «ከወንድሙ ይሻላል» ስንል የተሻለው ሰው ባለቤት ነው። ከሕመም የተነሣ ሰው ግን «ተሻለኝ»፣ «ሻል አለኝ» ይላል። «ኝ»ን ልብ ይበሉ፤ የተሳቢ ምልክት ናት። ሰውዬው ምንም አላደረገም፤ መሻሉ መጣለት። «ተሻሻልኩ» ሲል ደግሞ እንደገና ባለቤት ይሆናል፤ ምልክቱም «ኩ» ነው። ሌላም አለ። «ሻ» ሁለት ጊዜ ገብታለች። ላሰ ላላሰ፣ ቆረጠ ቆራረጠ፣ ነካ ነካካ እንደምንለው፣ ድርብርቡ ድርጊቱ በአንዴ እንዳላለቀ ይናገራል። አሥር ገጽ ዛሬ፣ አሥር ገጽ ነገ ማለት ነው። ለጀመሩት ነገር ከዚህ የሚስማማ ግስ አላውቅም።

ከዚሁ ሥር «ምን ይሻልሃል!» የሚባል አለ። የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ከመፍረሳቸው በፊት አንድ ኬክ ቤት ውስጥ ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ሰውዬው ስኳር መተዋቸውን ለአሳላፊው አስረድተው ሲጨርሱ እጃቸው ወደ ስኳሩ ዕቃ ሄደ፤ አንድ ማንኪያ፣ ሁለት ማንኪያ። ሦስተኛው ላይ ሴትዮዋ ዕቃውን ቀስ ብለው ወደ ራሳቸው ሳቡና «አንተ ሰውዬ፣ ምን ይሻልሃል!» አሉ። ሰውዬው ማንኪያውን አስቀምጠው ሳቁ። በቃሉ ስንሄድ ጥያቄ ነው፤ መልስ ግን ማንም አይጠብቅበትም። ተግሣጽም ፍቅርም አለበት፤ እዚህም ሰውዬው «ህ» ሆነው ተሳቢ ላይ ናቸው። ሰውን እንደዚህ እየወደዱ መገሠጽ የሚችል አነጋገር በማየቴ ያን ቀን በቋንቋዬ ኮራሁ።

በቤትኛ አማርኛ ራስን ስለ ማሻሻል መናገር ከፈለጉ ቃሎቹ አሉ፤ አደብ ገዛ፣ ልብ ገዛ፣ አመሉን ተወ፣ ጠባዩን አረመ፣ ሰው ሆነ። እነዚህን ግን ሰው ስለ ሌላው ነው የሚላቸው። «ልብ ገዛሁ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያለፈ ጥፋቱን እየተናገረ ነው። «ባለቤቴ ልብ ገዛ» የምትል ሚስት ግን እያመሰገነች ነው። ስለዚህ በራስዎ አፍ «ጠዋት ጠዋት መራመድ ጀምሬያለሁ» ቢሉ ይበቃል፤ «ልብ ገዝቷል»ን ለእሷ ይተዉላት።

«ባለቤት» የሚለው ባለ-ቤት ነው፤ የቤቱ ጌታ ወይም እመቤት። አዲስ አበባ ላይ ባልም ሚስትም በአክብሮት የሚጠሩበት አንድ ቃል መሆኑን እወደዋለሁ፤ «ባሌ» እና «ሚስቴ» ተለያይተው ሲቀሩ «ባለቤቴ» ሁለቱን እኩል ያስቀምጣል። የሰዋስው ባለቤትም የዐረፍተ ነገሩ ግስ የሚከተለው ነው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚባለው በሁለቱም ቤት ይሠራል፤ ባለቤቱ ሲዘነጋ ግሱም ይናጋልና።

ለልጅዎ ደብተር እንዲህ ይጻፉላት። «ራሴን እያሻሻልኩ ነው» በሚለው ባለቤቱ በግሱ «ኩ» የሚታወቀው «እኔ» ነው፤ ተሳቢው «ራሴን» ነው፤ የተሳቢ ምልክቱ «ን» ናት። እናቷ ያለችው በዚህ ዐረፍተ ነገር አይሠራም። «አባባ ተሻለው» በሚለው ላይ ግን አባቷ በእርግጥ ተሳቢ ነው፤ ያንንም ከሥሩ ትጨምርበት።