ብርዱ ነው ወይስ አፈሩ? ስለ አዛሊያ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከሁለት ዓመት በፊት «ማንዳሪን ላይትስ» የሚባል ብርቱካንማ አበባ ያለው አዛሊያ (የአበባ ቁጥቋጦ) ገዝቼ ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ በሚገኘው ቤቴ ግድግዳ ሥር ተከልሁ። በመጀመሪያው ግንቦት በአበባ ተሸፍኖ ነበር። አሁን ግን ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጅማቶቹ ብቻ አረንጓዴ ቀርተዋል። እናቴ ለጎመኗ እንደምታደርገው አመድ ነሰነስሁበት፣ የቡና አተላም ጨመርሁለት፣ በጥቅምትም ቅርጹን ለማሳመር ጫፍ ጫፉን ቆረጥሁት። ዘንድሮ አንድም አበባ አላየሁም። ብርዱ ጎድቶት ይሆን? መዓዛውም እንደ ነገሩኝ አልሆነልኝም።

መልስ፦ ብርዱን አይውቀሱት። የእርስዎ አዛሊያ ለዚሁ ብርድ ተብሎ እዚያው ሚኒሶታ ውስጥ የተዳቀለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የተጀመረው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሥራ፣ አበባው ትልልቅና ደማቅ ሆኖ ብርድ የማይችለውን ሞሊስ አዛሊያ፣ በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጫካዎች ከሚበቅለውና ብርድ ከሚችለው ባለ ሮዝ አበባ የዱር አዛሊያ ጋር አዳቀለ፤ በ1978ም «ኖርዘርን ላይትስ» የተባለው ዝርያ ለአትክልተኞች ቀረበ። የእርስዎም «ማንዳሪን ላይትስ» የሚገኝበት የዚህ ቤተሰብ የአበባ እምቡጦች፣ እንደ ዓይነታቸው፣ ከዜሮ በታች ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ፋራናይት የሚደርስ ብርድ ይችላሉ። በመከር ቅጠሉ ሲረግፍ ደረቅ እንጨት ይመስላል እንጂ አልሞተም።

ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ መቅረቱ ተክሉ ብረት እንዳጣ ያሳያል። ብረቱ ከአፈሩ አልጠፋም፤ ነገር ግን የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ6 በላይ ከፍ ሲል ሥሩ ሊስበው በማይችል መልክ ይታሰራል። አዛሊያ የሚመቸው ፒኤቹ ከ4.5 እስከ 5.5 የሆነ አሲዳማ አፈር ነው። የቤት መሠረት ኮንክሪት ደግሞ ኖራ ያለው በመሆኑ በዙሪያው ያለውን አፈር አሲዱን ይቀንስበታል፤ አመዱም ያንኑ ያባብሳል። የእናትዎ እውቀት ስሕተት አልነበረም። በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች ገበሬው አሲዳማ አፈርን በኖራ የሚያክመው ስንዴውና ገብሱ ስለሚጎዱበት ነው፤ አዛሊያ ግን የሚፈልገው ገበሬው የሚሸሸውን አፈር ነው። የቡናው አተላ በበኩሉ አሲዱ በአብዛኛው ከተጠጣው ቡና ጋር ስለሚሄድ ጉዳትም የጎላ ጥቅምም የለውም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አፈርዎን ያስመርምሩ። ከዚያም በሚቀጥለው የጸደይ መጀመሪያ፣ ቅጠል ሳያወጣ፣ ቁጥቋጦውን ከግድግዳው አርቀው፣ ቢያንስ ግማሽ ቀን ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ ይትከሉት። ሥሩ እንደ ፀጉር የቀጠነና ከላይ ከላይ የሚሄድ ስለሆነ ጥልቅ ሳይሆን ሰፊ አድርገው ይቆፍሩ፤ አፈሩን ከፒት ሞስ (ከረግረጋማ ቦታ ከሚወጣ አሲዳማ የተክል ብስባሽ) ጋር ቀላቅለው፣ የሥሩ አናት ከመሬቱ በሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ ያድርጉ። ውሃ የሚያቁር ቦታ ይገድለዋል። በላዩ የጥድ ቅጠል ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ይጎዝጉዙለት፤ ግንዱን ግን አይንካው። በዙሪያው በፍጹም አይኮትኩቱ፣ ሥሩን ይበጥሱታልና። ምርመራው ካዘዘ ዱቄት ድኝ ይጨመራል፤ ድኙን ወደ አሲድ የሚለውጡት በአፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስለሆኑ ለውጡ ወራት ይፈጃል፣ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ስለ አበባው፦ አዛሊያ የሚቀጥለውን ዓመት እምቡጥ የሚቋጥረው በአሜሪካ በጋ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ነው። በጥቅምት ጫፉን ሲቆርጡት የዘንድሮውን አበባ አብረው ቆርጠውታል። መቁረጥ ካስፈለገ አበባው እንደ ረገፈ ወዲያውኑ ይሁን።

መዓዛውን በተመለከተ ቅሬታዎ ተገቢ ነው፤ «ማንዳሪን ላይትስ» ውበቱ በቀለሙ ነው፣ ሽታው ግን ደከም ያለ ነው። ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚለውን ሽታ ያወረሰው ያ የዱር አዛሊያ ነው፤ እሱን ከፈለጉ ከአጠገቡ «ስፓይሲ ላይትስ» ወይም «ዋይት ላይትስ» ይጨምሩ። እኔ ብሆን በረንዳው አጠገብ አመሻሽ ላይ የምቀመጥበትን ቦታ እመርጥለት ነበር። አደራ የምለው ግን ሽታው አታሎን እንደ ጤና አዳም ስኒ ውስጥ እንዳንጨምረው ነው፤ ቅጠሉም አበባውም መርዝ አለው፣ ልጆችም እንዳያኝኩት ይጠበቁ።

ጥያቄ፦ በረዶው ሲቀልጥ የአዛሊያዬን ቅርንጫፎች በቢላ የተቀነጠሱ ያህል ተቆርጠው አገኘኋቸው። ሰው ይሆን?

መልስ፦ ጥንቸል ናት። ጥንቸል ቀንበጥን ስትቀነጥስ ቁርጡ ንጹሕና ሰያፍ ይሆናል፤ አጋዘን ከሆነ ግን ጫፉ ተቦጭቆ ይቀራል። መሬቱ ሳይጠጥር በኅዳር ወር ዙሪያውን በጠባብ ወንፊት ሽቦ ይጠሩት፤ የታችኛውን ጠርዝ ጥቂት ወደ አፈሩ ይቅበሩት፣ ቁመቱንም ከሚጠብቁት በረዶ በላይ ያድርጉት፤ ጥንቸሏ በተከመረው በረዶ ላይ ቆማ ከላይ ትደርስበታለችና።