የራጅ ነጥብ 70 ሲል ምን ማለቱ ነው?

ጥያቄ፦ የምሠራበት ሆስፒታል ራዲዮሎጂስት የለውም። የደረት ራጅ አንብቦ ከ0 እስከ 100 ነጥብ የሚሰጥ ሶፍትዌር ሊገባልን ነው። 70 ቢል በሽተኛው ቲቢ የመያዙ ዕድል 70 በመቶ ነው ማለት ነው? ከእኔ ንባብ ጋር ቢጋጭስ?
(ጠቅላላ ሐኪም፣ መሐል ሜዳ)

መልስ፦ አይደለም። ነጥቡ ምስሉ ሶፍትዌሩ ከተማረባቸው የቲቢ ራጆች ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ነው የሚናገረው። የአንዱ ኩባንያ 70 ከሌላው 70 ጋር አይተካከልም፤ የዚያው ሶፍትዌር አዲስ እትም እንኳ ከአሮጌው ሊለይ ይችላል። ስለዚህ ዕቃው ከመከፈቱ በፊት «መቁረጫ ነጥባችን፣ ማለትም ከዚያ በላይ ያለው ሰው ሁሉ የሚጠረጠርበት ቁጥር፣ ስንት ነው? በየትኞቹ በሽተኞች ተፈትኖ ተወሰነ?» ብለው ይጠይቁ። ፋብሪካው ያስቀመጠውን ቁጥር ዝም ብሎ መቀበል የተለመደ ስሕተት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በሰው አንባቢ ምትክ ለቲቢ ልየታ ሊያገለግል ይችላል ብሏል። የተባለው ለልየታ፣ ማለትም ሊታመም የሚችለውን ሰው ለመጠርጠር፣ ነው፤ ማረጋገጫው የአክታ ምርመራ፣ ለምሳሌ ጂንኤክስፐርት፣ ነው። ለምን እንደሆነ በሒሳብ እንየው። መሣሪያው ከ100 ሕሙማን 90ውን ይይዛል፣ ከ100 ጤነኞች 70ውን በትክክል ይለቃል እንበል። ከ1,000 ሰው 10ሩ ቲቢ ካለበት 9ኙን ያገኛል፤ ከእነሱ ጋር ግን 297 ጤነኞችንም ይጠረጥራል። ከተጠረጠሩት መካከል ሕሙማኑ 3 በመቶ ብቻ ናቸው። ሳል ይዟቸው ከመጡት 1,000 ሰዎች 100ው ቲቢ ካለባቸው ደግሞ ከተጠረጠሩት 360 ሰዎች 90ዎቹ እውነተኛ ሕሙማን ይሆናሉ፤ ሩብ ማለት ነው። ማሽኑ ያው ነው፤ የተለወጠው ወረፋው ላይ የቆመው ሰው ነው።

ሲጋጭባችሁ፦ ነጥቡ ከፍ ካለ እርስዎ ምንም ባያዩም አክታ ይላኩ። ነጥቡ ዝቅ ብሎ ምልክቱ ካለ፣ በተለይ ኤችአይቪ በደሙ ባለበት ሰው፣ አሁንም አክታ ይላኩ፤ በሽታ የመከላከል አቅሙ በጣም በወረደ ሰው ራጁ ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ዝቅተኛ ነጥብ የእርስዎን ጥርጣሬ እንዲሰርዝ አይፍቀዱለት። የራስዎን ንባብ ደግሞ ነጥቡን ሳያዩ መዝገብ ላይ ያስፍሩ። ሶፍትዌሩ ያጠራጥራል ብሎ ቀለም የቀባውን ቦታ አስቀድሞ ያየ ዓይን ሌላውን የሳንባ ክፍል ቸል ይላል።

ጥያቄ፦ ሐኪሞች በእነዚህ ነገሮች ይሻሻላሉ ወይስ ይሰንፋሉ?
(የሕክምና ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እንደ ሥራው ዓይነት ነው። ሐኪምን በውሳኔ በሚያግዙ የኮምፒውተር ሥርዓቶች ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የጥናቶች ግምገማ የሐኪሞችን አሠራር ከመዘኑት 97 ጥናቶች በ64 በመቶው መሻሻል አግኝቷል። ዝርዝሩ ግን እኩል አይደለም፤ ከማስታወሻ ሰጪ ሥርዓቶች ከ21 16ቱ ሲሳካላቸው፣ በሽታ ለመለየት ከተሠሩት ከ10 የተሳካላቸው 4 ብቻ ናቸው። የበሽተኛውን ውጤት ከለኩት 52 ጥናቶች ደግሞ ለውጥ ያሳዩት 7 ናቸው። አሜሪካ ውስጥ በጡት ራጅ ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ጥናትም ሶፍትዌሩ ከገባ በኋላ ጤነኛን ጤነኛ የማለት ብቃት ከ90.2 ወደ 87.2 በመቶ መውረዱን፣ ከጡት ናሙና ተወስዶ የሚደረገው ምርመራም ከቀድሞው በ20 በመቶ ገደማ መጨመሩን አሳይቷል። እኛ የምናስበው ጥቅሙ አንባቢ በሌለበት ቦታ ጎልቶ እንደሚታይ ነው፤ ጎበዝ አንባቢ ባለበት ግን ብዙ አይጠበቅም።

ጥያቄ፦ በሶፍትዌሩ የብዙ ሴቶች የሳንባ ጫፍ እየቀላ ይመጣል፤ አክታቸው ነፃ ነው። ምን ይሆን?
(የራጅ ባለሙያ፣ ሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ መጀመሪያ ሹሩባቸውን ይመልከቱ። አንገት ላይ የወረደ ጉንጉን ቲቢ በሚወደው የሳንባ ጫፍ ላይ ጥላ ይጥላል። ጸጉሩን ወደ ላይ ያስሩት። የማተቡን መስቀልና ሐብሉን ያስወልቁ፤ ከደጋው ጋቢ ለብሶ የመጣውም ጋቢውን ያውልቅ። ደረታቸውን ከፊልሙ ማስቀመጫ ያስጠጉ፣ ትከሻቸውን ወደፊት ያስገፉ፣ የትከሻ አጥንቱ ከሳንባው ላይ እንዲነሣ። በደንብ አየር ስበው ከያዙ 9 ወይም 10 የኋላ ጎድን አጥንቶች ይቆጠራሉ፤ ካነሱ ይድገሙት። የፊልም ፎቶ በስልክ አንሥቶ ማስገባት ነጥቡን ያዛባል፤ ዋናውን ዲጂታል ፋይል ይላኩ።

ጥያቄ፦ አባቴ ከ3 ዓመት በፊት የቲቢ መድኃኒት ጨርሶ ድኗል። አሁን ሲያስለው ኮምፒውተሩ «ቲቢ» አለ። መድኃኒቱን ይጀምር?
(ከደብረ ሲና)

መልስ፦ በዚህ ብቻ አይጀምርም። የዳነ ቲቢ ጠባሳ ይተዋል፤ ሶፍትዌሮች ጠባሳን ከአዲስ በሽታ መለየት ይቸግራቸዋል። አክታ ይስጡ። ጂንኤክስፐርትም በቅርብ ጊዜ በታከመ ሰው የሞተ ተሕዋስ ርዝራዥ ሊይዝ ስለሚችል፣ ውጤቱ አጠራጣሪ ከሆነ ሐኪሙ ሳምንታት የሚፈጀውን የአክታ ካልቸር (ተሕዋሱን በላቦራቶሪ የማሳደግ ምርመራ) ያዛል። የድሮውን ራጅና የሕክምና ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ሁለቱን ራጆች ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያይ ጠባሳው መለወጡን ወይም አለመለወጡን ይረዳል።