ለበረንዳ መጋረጃ ብዙ ብር አያስፈልግም

እህቴ፣ የኮንዶሚኒየም በረንዳዬን የከሰዓት ፀሐይ እየጠበሰኝ ነው፣ በትንሽ ብር በምን ልጋርደው ብለሽ ለጠየቅሽው፤ እኔም እዚያው ችግር ውስጥ ነበርኩ።

መጀመሪያ አቡጀዲ ገዝቼ ሰቀልኩ። ሲያምር! ክረምት ሲገባ ግን ሻጋታ አወጣ፤ ጥቁር ነጠብጣቡ በበረኪናም አልለቅ አለ። ከዚያ ሰልባጅ ተራ ሁለት የፖሊስተር መጋረጃ አገኘሁ። ፖሊስተር ውሃ ብዙ አይዝም፣ ቶሎ ይደርቃል።

የጨርቁ ስፋት ከክፍተቱ ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። አለበለዚያ የተሰጣ አንሶላ ነው የሚመስለው። ከወለሉም አራት ጣት ያህል አሳጥሪው፣ የዝናብ ፍንጣቂ እንዳያበላሸው።

ዘንግ አትግዢ። ፕላስቲክ የለበሰ የልብስ ማስጫ ሽቦ ከግድግዳ ግድግዳ ወጥሪ፤ ከ2 ሜትር በላይ ከሆነ መሃሉ ላይ አንድ መንጠቆ ጨምሪ፣ አለበለዚያ ይረግባል።

ዋናው ጠላት ነፋስ ነው። የእኔው አንድ ቀን ብድግ ብሎ ስኒዎቹን ከነረከቦቱ ጠራርጎ ጣለልኝ። ያን ዕለት ነው የታችኛውን ጠርዝ ሰፋ አድርጌ አጥፌ፣ ውስጡ ቀጭን ሰንሰለት ከትቼ በእጄ የሰፋሁት። ጎንና ጎኑን ደግሞ ከዚያው ጨርቅ በተረፈ ጥብጣብ ከበረንዳው ብረት ጋር አስሬዋለሁ። አሁን ንቅንቅ አይልም።

ቡና እዚያው የምታፈዪ ከሆነ የከሰል ምድጃውን አርቂ፤ ፖሊስተር ፍም ከነካው ወዲያው ይቀልጣል፣ እሳትም ይይዛል። ብቻ ቀለሙን ነጭ እንዳታደርጊው፣ የሰፈራችንን አቧራ ታውቂዋለሽ።