የውስጥ ስልክ ለምትገጥሙ ልጆች፦ ስለ ፋን አልባ ኮምፒውተር

«ጋሼ፣ የስልኩ ሰርቨር ፋን መጮህ ጀምሯል፣ ልኩን ኮምቦልቻ አጣሁት፣ ደሴ ይገኝ ይሆን?» ብሎ አንድ ልጅ ሰሞኑን ጻፈልኝ። አብሽር፣ ኮምፒውተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋን ይገኛል፣ ፒያሳ ያሉት ጠጋኞች ጋ ብትሄድ ከአሮጌ ኬዝ ፈተው ይሰጡሃል። ግን ጥያቄህ የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰብኝ፣ ስለዚህ ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው፤ በ2014 ጦርነት ቢሮው የተዘረፈበት ሁሉ ዕቃ እንደ አዲስ እያሟላ ነው፣ የውስጥ ስልክ ግጠሙልን የሚባሉትም እናንተ ናችሁ።

ነገሩ የሆነው እዛው ኮምቦልቻ ነው፣ ዱቄት የሚፈጭበት ግቢ ውስጥ ያለ አንድ ድርጅት፣ ስሙ ይቅር። ራስበሪ ፓይ የሚባለው መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር ገና አልነበረም፣ እሱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ኮምፒውተርን የስልክ ማዞሪያ የሚያደርገው አስተሪስክ ግን ነበረ። ማርክ ስፔንሰር የሚባል አሜሪካዊ ልጅ ለራሱ ትንሽ ድርጅት የስልክ ማዞሪያ መግዣ አጥቶ እ.ኤ.አ. በ1999 ራሱ ጽፎ ለዓለም በነጻ የለቀቀው ሶፍትዌር ነው። እኛ ደግሞ የማዞሪያ ዋጋ ሲጠራ የሚያስደነግጠን ሰዎች ስለነበርን ይሄ ለኛ ተብሎ የተሰራ ነው የመሰለኝ፣ ሌሊት ሌሊት እያነበብኩ ነው የተማርኩት።

ያኔ ላቀርብላቸው ያሰብኩት የስዊዘርላንዱ ፒሲ ኢንጂንስ ይሰራው የነበረውን አሊክስ የሚባል ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ ነበር። 500 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር፣ 256 ሜጋባይት ራም፣ ፋን የለው፣ ሀርድ ዲስክ የለው፣ ከፍላሽ ካርድ ነው የሚነሳው፣ የሚበላው 5 ዋት አካባቢ ነው። ኮሚቴው ወረቀቱን አይቶ የጸሐፊዋ ኮምፒውተር ከዚህ ይበልጣል አለ። እውነት ለመናገር አንድ ምክንያት ነበራቸው፣ የቴሌ መስመሮቹን የሚቀበለው ካርድ ኬዝ ውስጥ የሚሰካ ነበር፣ ለዛ ትልቅ ኮምፒውተር ይመቻል። ፕሮፎርማ ተሰበሰበ፣ ትልቁ ተገዛ፣ እኔም ገጠምኩት።

ኦፕሬተሯን ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላት። ዕድሜዋን ሙሉ በአሮጌው ማዞሪያ የሰራች፣ በባቲ አድርገው ወደ ሚሌ የሚወርዱትን ሾፌሮች ሁሉ በድምፃቸው የምትለይ ሴት ነበረች። አዲሱን ትፈራዋለች ብዬ ስሰጋ ከወጣቶቹ ቀድማ ነው የለመደችው። እንኳን ደህና መጡ፣ ለሽያጭ 1ን ይጫኑ የሚለውን ድምፅ የቀዳችው ራሷ ናት፣ ዶሮ እየጮኸባት ሁለቴ አቋርጣ መስኮቱን ዘግታ ደግማ ቀዳችው፣ ከዛ ከውጭ እየደወለች የራሷን ድምፅ ትሰማለች፣ ደስታዋን ብታዩት። ደዋዮችም ይወዱት ነበር፣ የወሎ ሰው ድምፅ ውስጥ ያለውን ለዛ ታውቁታላችሁ።

ከዛ አንድ እሁድ ማታ፣ ሙቀቱ በበረታበት ሰሞን፣ ፋኑ ቆመ። ፕሮሰሰሩ ሲግል ኮምፒውተሩ ራሱን አጠፋ። አሁን ይሄን ልብ በሉ፣ ማዞሪያው ሲሞት ደዋዩ ጋ ምንም የተበላሸ ነገር አይሰማም፣ ቱት ቱት የሚለውን የጥሪ ድምፅ የሚሰጠው የቴሌ ጣቢያ ስለሆነ እዛ ጫፍ ያለው ሰው የሚመስለው ስልኩ እየጮኸ ማንም እንዳላነሳለት ነው። ሚሌ መንገድ ላይ መኪና የተበላሸበት ሾፌር ሲደውል አደረ። ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ጋ የደረሰው ወሬ እትዬ ቦታዋን ጥላ ጠፍታ ነው የሚል ነበር፣ እሷ ግን ማታውን ሙሉ ዝም ያለ ስልክ አጠገብ ቁጭ ብላ ነበር።

ኬዙን ስከፍተው የሂት ሲንኩ፣ ከፕሮሰሰሩ ሙቀት የሚያወጣው ብረት፣ ክንፎቹ መሀል ክፍተት የለም። ዱቄቱና የመንገዱ አቧራ ከክረምቱ እርጥበት ጋር ተቦክቶ ደርቋል፣ በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ነው እየፈነቀልኩ ያወጣሁት። ፋኑን በጣቴ ስገፋው ግማሽ ዙር ሄዶ ይቆማል። በጣም ርካሽ ዕቃ ናት። ቀይሬ አስነሳሁት፣ ሰራ፣ ግን ነገሩ አብቅቶ ነበር፣ የኮምፒውተር ስልክ ለኛ ሀገር አይሆንም ተብሎ ተወሰነ። ገመዱ ተነቀለ፣ ኮምፒውተሩ ለሂሳብ ክፍል ተሰጠ፣ የእትዬ ድምፅም ከዲስኩ ጋር ጠፋ። የሞተው ፋን ነው፣ የተቀበረው ግን ሲስተሙ በሙሉ ነው። እሷንም ይቅርታ ያላት ሰው አላየሁም። እስከዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ ልጄ ፋኑን ቀይረህ ሰንብት፣ ግን ማሽኑን ለመቀየር ደብዳቤህን ከአሁኑ ጻፍ። የሚሽከረከር ነገር ሁሉ፣ ፋንም ሀርድ ዲስክም፣ አቧራ ያለበት ቦታ ዕድሜው አጭር ነው። የዛሬ ልጆች ስትባሉ መጀመሪያ የምታዩት ስንት ኮር ነው፣ ስንት ጊጋ ነው የሚለውን ነው፣ ስልክ ግን ይሄን አይፈልግም። አንድ ጥሪ በጂ.711 ኮዴክ (ድምፅን ወደ ዲጂታል የሚቀይር ዘዴ ነው) በሰከንድ 64 ኪሎቢት ነው፣ የኔትወርኩ ጥቅል ሲጨመር 87 አካባቢ፣ 10 ሰው ባንዴ ቢያወራ 1 ሜጋቢት አይሞላም። ማሽኑን የሚያደክመው ከአንዱ ኮዴክ ወደ ሌላው መተርጎም ነው፣ ሁሉንም ስልክ ኤ-ሎው በሚባለው የጂ.711 ዓይነት ላይ አድርጋችሁ ብትተዉት ትንሿ ቦርድ ትበቃለች።

የቴሌን መስመር ዛሬ ኬዝ ውስጥ አትሰኩት፣ የቴሌን መስመር ተቀብሎ በኔትወርክ የሚያገናኝ ጌትዌይ የሚባል ትንሽ ሳጥን አለ፣ ኤፍኤክስኦ የሚባል የቴሌ መስመር መሰኪያ ቀዳዳ ያለው። ደሴ ላይ ክረምት ጦሳ ተራራ ላይ ሲያጉረመርም መብረቁ በመዳብ ሽቦው ነው የሚገባው፣ ጌትዌይዋ ብትቃጠል እሷን ትቀይራላችሁ፣ ካርድ ቢሆን ግን ኮምፒውተሩን ይዞት ይሄዳል። መሬት የሚገባውን ሽቦ ደግሞ አትርሱ፣ ኧረ እባካችሁ።

ኤስዲ ካርድ ላይ አልተማመንም፣ ሎግ (ማሽኑ የሰራውን የሚመዘግብበት) ሲጻፍበት ሲጻፍበት ያልቃል፣ በዛ ላይ መብራት ድንገት ሲሄድ ይበላሻል። ኤስኤስዲ፣ የሚሽከረከር ነገር የሌለውን ዲስክ፣ አድርጉ። እንዲህ እላለሁ እንጂ ወልዲያ አንድ ክሊኒክ ውስጥ በኤስዲ ካርድ ዓመታት የሰራ ራስበሪ ፓይ አውቃለሁ፣ የገጠመችው ልጅ ሎጉን ራም ላይ አድርጋው ነበር፣ እኔ ያልነገርኳትን ነው ያሰበችው። ስለናንተ ክፉ ስናገር እሷ ትዝ ትለኛለች።

ስለ መብራቱ፣ ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ በወረቀት 84 ዋት-ሰዓት ነው። ትንሿ ማሽን፣ ስልኮቹን በኔትወርክ የሚያገናኘው ስዊችና ጌትዌይዋ አንድ ላይ 15 ዋት ቢበሉ ባትሪው እየደከመ ሲሄድ እንኳ 3 ሰዓት ያህል ይይዛችኋል። 70 ዋት የሚበላ ዴስክቶፕ ከዛው ባትሪ ግማሽ ሰዓት ቢያገኝ ነው። ብዙ ሰው ኮምፒውተሩን ዩፒኤስ (የባትሪው ሳጥን) ላይ አድርጎ ስዊቹን ግድግዳው ላይ ይሰካዋል፣ መብራት ሲሄድ ማሽኑ በርቶ ስልኩ ሁሉ ይሞታል። የኦፕሬተሯ አይፒ ስልክም (በኔትወርክ የሚሰራው ስልክ) መብራት ይፈልጋል። ባዮሱ (የኮምፒውተሩ መነሻ ማስተካከያ) ላይ መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲነሳ የሚለውን አብሩት።

ፋን አልባ ማለት ደግሞ አየር አያስፈልገውም ማለት አይደለም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ቢቀዘቅዝም ስስ ነው፣ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንሳል። ሀረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ደግሞ ሙቀቱ ይጨምራል። ስለዚህ ቁምሳጥን ውስጥ አትቆልፉት፣ ክንፎቹ ወደ ላይ ቆመው እንዲውሉ ግድግዳ ላይ ስቀሉት፣ ፋይል አትደርቡበት።

5060 ፖርትን፣ ማዞሪያው በኔትወርክ ጥሪ የሚቀበልበትን በር፣ ለኢንተርኔት ክፍት አትተዉ፣ ሌባ በናንተ መስመር ውጭ ሀገር ይደውላል። ከውጭ የሚመጣ ጥሪ በኢንተርኔት አስገብተን እንሽጥ የሚላችሁ ካለ ደግሞ ሽሹት፣ በአዋጅ ቁጥር 761/2004 ያሳስራል።

ስታስረክቡ ሥራ አስኪያጁ፣ ኦፕሬተሯና ዘበኛው ባሉበት ቆጣሪውን ዝጉት፣ ባትሪው እስኪያልቅ ጠብቁ፣ መልሳችሁ ክፈቱትና ማንም ሳይነካው ስልኩ እስኪነሳ እዩ። ሲሞት ደዋዩ ምን እንደሚሰማም በሞባይላችሁ ደውላችሁ ለሥራ አስኪያጁ ጆሮው ላይ አድርጉለት። ሰላምታውንም በኮምፒውተር ድምፅ አታስነብቡት፣ ኦፕሬተሯ ትቅዳው፣ ኮፒውንም ሌላ ቦታ አስቀምጡላት። አንተ የኮምቦልቻው ደግሞ አዲሱን ስትገጥም ግንቦት ላይ ቀን 9 ሰዓት የፕሮሰሰሩን ሙቀት አይተህ ላክልኝ፣ ወደ 80 ዲግሪ ከተጠጋ ቦታውን አብረን እንመርጣለን።