ጅግራው የት ገባ? ሣሩን ሲያጭዱ ዳሩን ይተዉለት

ጥያቄ፦ ጅግራ ከሣር መሬታችን ጠፋ። ድሮ በመንጋ ነበር፤ አሁን አልፎ አልፎ ሁለት ሦስት ትልልቅ ብቻ ነው የምናየው። ፌንጣም በዛብን። በሽታ ገብቶበት ይሆን? እንቁላል ከቆላ አምጥቼ በዶሮ ባስፈለፍለውስ? (ከጎንደር ዙሪያ)

መልስ፦ በሽታ አይመስለኝም። በሽታ ወይም መርዝ ቢሆን በድን ታገኙ ነበር፤ ትልልቆቹም አይተርፉም። «ትልልቅ ብቻ» ማለትዎ ነው ነገሩን የሚያወጣው፤ ወፉ አለ፣ ጫጩቱ ግን አያድግም። ስለ አጨዳ ምንም አልጻፉም፤ እኔ ግን የምጠረጥረው እሱን ነው።

ቀኑን እንቁጠረው። ነሐሴ አጋማሽ ላይ መጣል የጀመረች ጅግራ በቀን አንድ እያለች 12 ያህል ለመሙላት እስከ ወሩ መጨረሻ ትደርሳለች። ከዚያ ከ26 እስከ 28 ቀን ትታቀፋለች። ጫጩቱ የሚወጣው እንግዲህ መስቀል ሲያልፍ ነው። ደህና አድርጎ ለመብረር ደግሞ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ማጭድ የሚነሣው በዚሁ መሃል ነው። ያውም ደቦው ዙሪያውን ከቦ ወደ መሃል ሲያጭድ ጫጩቱ መሃል ላይ ይታፈናል፤ ውሻውና እረኛው ይጨርሱታል።

አጨዳውን አዘግዩ አልልም፤ ሣሩ ይጎለምስና ከብቱ ይጎዳል። ዳር ይተዉ። አንድ ጥማድ መሬት 50 በ50 ሜትር ብንለው፣ ባንድ ጎኑ 3 ሜትር ስፋት ሲተዉ 150 ካሬ ሜትር ነው፤ ከመቶ 6 እጅ ሣር ማለት ነው። ከፍ ያለውን፣ ቁጥቋጦ ወይም የድንጋይ እርከን የሚያዋስነውን ጎን ይምረጡ። ዝቅ ያለው ዋልካ ውሃ ይተኛበታል፤ የራሰ እንቁላል አይፈለፈልም። አጨዳውን ከተቃራኒው ጎን ጀምራችሁ ወደ ተተወው ዳር ጨርሱ፤ እናትም ጫጩትም ከፊታችሁ እየሸሹ እዚያ ይገባሉ። መሃል ላይ ጎጆ ብታገኙ እንቁላሉን ሳትነኩ ዙሪያውን ሦስት እርምጃ ትታችሁ እለፉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። አዝመራው ተሰብስቦ ከብት ሲለቀቅ ያ ዳር በሳምንት ይላጫል። ስለዚህ በቀጋ ወይም በግራር እሾህ ይጠሩት፤ ከሥሩ ግን ወፉ እንዲሾልክ ስንዝር ያህል ክፍተት ይኑረው። ጥር ላይ ግማሹን ለቤት ክዳን ይጨዱት፤ ሌላው ግማሽ ደርቆ እስከ ክረምት ይቆይ፣ በዓመቱ ይቀያየሩ። ክረምት ሲገባ አዲሱ ሣር ገና አጭር ስለሆነ ጅግራ ጎጆዋን የምትሸሽገው አሮጌው ደረቅ ሣር ውስጥ ነው። ዳሩን አቃጥሎ ማጽዳት የሚባለውንም እባካችሁ ተዉት፤ በየዓመቱ አያለሁ፣ የሚነደው ይኸው መሸሸጊያ ነው።

እንቁላል አምጥቶ በዶሮ ማስታቀፉን አልደግፍም። የሚያመጡት ከሌላ ጎጆ ዘርፈው ነው፤ በዶሮ ያደገውም ጭልፊት ሲያንዣብብ ከጅግራ እናት የሚማረውን መሸሸግ ሳይማር ይለቀቃል። የዶሮ በሽታም አብሮ ይወጣል። በአሜሪካ ሂዝ ሄን የሚሏት የሣር ሜዳ ወፍ ማርታስ ቪንያርድ በምትባል ደሴት ብቻ ተርፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 ጥብቅ ቦታ ተከልሎላት ቁጥሯ አገገመ፤ በ1916 ግን በመታቀፊያዋ ወቅት እሳት ተነሣ፣ ከቤት ዶሮና መሰሎቹ የተሻገረ በሽታም ተከተለ፤ ከ1932 ወዲህ የለችም።

የእኛ ጅግራ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት መዝገብ አሳሳቢ ደረጃ ላይ አይደለም። ያ ግን አፍሪካን በጅምላ ሲያዩ ነው፤ በሞሮኮ የነበረው ወገኑ ከዱር እንደጠፋ ይቆጠራል። የእርስዎ ቀበሌም መዝገቡ ላይ አይታይም።

ስለ ፌንጣው፦ የሚረጩ ከሆነ ዳሩንና ከጎኑ ያለውን አሥር እርምጃ ይዝለሉ። ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያድገው በፌንጣና በትል ነው። ጥቅምት ሲጋመስ ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ዳሩን ራቅ ብለው ይመልከቱ፤ ከትልልቆቹ ኋላ የሚሯሯጡ ትንንሾች ካዩ ይዟል ማለት ነው። ካላዩ በመጪው ዓመት ስፋቱን 5 ሜትር ያድርጉት።