ጎመን ወይስ ቆስጣ? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሰሞኑን “ከጎመንና ከቆስጣ የቱ ይሻላል?” የሚል ጥያቄ በዝቶብኛል። ሙያዬ ስነ ምግብ ስለሆነ አንድ ላይ ሰብስቤ ልመልስላችሁ። የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ለ100 ግራም ጥሬ ቅጠል ናቸው፤ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ካወጣው የምግብ ሰንጠረዥ የወሰድኳቸው ናቸው። ለጎመን የያዝኩት የቅርብ ዘመዱን የኮላርድን ቁጥር ነው።

ጥያቄ፦ በአጭሩ ንገረኝ። አትክልት ተራ ሄጄ አንዱን ብቻ ልግዛ ብል የቱን ልያዝ?

ጎመን ያዢ። ዋናው ምክንያቴ ካልሲየም ነው፤ ጎመን 232 ሚሊግራም ሲኖረው ቆስጣ 51 ብቻ ነው ያለው። ፎሌትም (ከቫይታሚን ቢ ወገን የሆነው) 129 ማይክሮግራም ለ14 ነው። በቫይታሚን ሲ ይቀራረባሉ፣ 35 እና 30። በቫይታሚን ኤም ብዙ አይራራቁም።

ግን “ቆስጣ ዝም ብሎ ውሃ ነው” የሚሉትን አትስሚ። በማግኒዚየም (81 ለ27)፣ በፖታሲየም (379 ለ213) እና በብረት (1.8 ለ0.5) ቆስጣ ይበልጣል። ቶሎ ይበስላል፣ ለሆድም ለስለስ ይላል። እኔ ቤት ሁለቱም ይገባሉ።

ጥያቄ፦ ቆስጣ ያለው 51 ሚሊግራም ካልሲየምም ቢሆን ቀላል አይደለም እኮ። ለምን ታጣጥለዋለህ?

ቅጠሉ ላይ ያለው ሁሉ ሰውነት ውስጥ ስለማይገባ ነው። ቆስጣ ውስጥ ኦክሳሌት የሚባል ነገር በብዛት አለ። ካልሲየሙን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል፤ አንጀት ሊመጠው ሲል እንቢ ይላል። እንደተያያዙ ይወጣሉ።

የቆስጣ ዘመድ በሆነው ስፒናች ላይ ሲለካ ሰውነት የሚያገኘው ካልሲየም ከመቶ 5 እጅ ገደማ ነው። ከወተት ወደ 30 እጅ ይገኛል። ከጎመን ወገን የሆነው ኬል ደግሞ 40 እጅ አካባቢ ይደርሳል። ጎመን ኦክሳሌቱ ትንሽ ስለሆነ ካልሲየሙን ሳይሰስት ይሰጣል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት ሰንጠረዡ ላይ ከምታየው በጣም ይሰፋል።

ይሄ ለጾመኛ ትልቅ ነገር ነው። በጾም ወተቱም አይቡም ይቀራል። ያን ጊዜ ጎመን ከጤፍ እንጀራ ጋር ሲሆን የካልሲየሙን ክፍተት በደንብ ያጠብበዋል። አንድ አዋቂ በቀን 1000 ሚሊግራም ያህል ስለሚያስፈልገው ግን ጎመን ብቻውን ይሞላዋል ማለቴ አይደለም። በጾም አብሮ መታሰብ ያለበት ሌላው ነገር ቫይታሚን ቢ12 ነው። እሱ ጎመን ውስጥም ቆስጣ ውስጥም የለም።

ጥያቄ፦ ደም ማነስ አለብሽ ተባልኩ። እናቴ በየቀኑ ቆስጣ ትሠራልኛለች። ይተካልኛል?

እናትሽን አመስግኚልኝ፤ ግን ቆስጣ ብቻውን አይተካም። ወር አበባ የምታይ ሴት በቀን 18 ሚሊግራም ብረት ያስፈልጋታል። 100 ግራም ቆስጣ 1.8 ነው ያለው። የቅጠል ብረት ደግሞ እንደ ሥጋ ብረት በቀላሉ አይመጠጥም። የተቀቀለ ምስር 3.3 አለው፤ ስለዚህ ከቆስጣው ጎን ምስር ወጥ ይኑር።

ሁለት ነገር አድርጊ። አንደኛ፣ ስትበዪ ሎሚ ጭመቂበት ወይም ጥሬ ቃሪያና ቲማቲም ጨምሪበት። ቫይታሚን ሲ ብረቱ እንዲመጠጥ ያግዘዋል። ቃሪያ በቫይታሚን ሲ ብርቱካንን በብዙ እጥፍ ያስከነዳል። ሁለተኛ፣ ከምግብ በኋላ ወዲያው ቡናም ሻይም አትጠጪ። ሁለቱም ብረቱን ይይዙታል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይለፍ። ቡናው እንደ ምሳው ማሳረጊያ ስለሚቆጠር ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለደም ማነስ ግን ይሄ ነገር ትልቅ ለውጥ አለው።

እንክብል ከታዘዘልሽ አትተዪው። ምክንያቱንም አስመርምሪ። የወር አበባ መብዛት ወይም የሆድ ትላትል ከሆነ ምንም ያህል ቅጠል ብትበዪ አይስተካከልም።

ጥያቄ፦ እኛ ቤት ጎመኑ ተቀቅሎ፣ ተጨምቆ ነው የሚቁላላው። ምን እያጣን ነው?

ብዙ። አብዛኛው ቤት የሚደረገውን አውቃለሁ። ጎመኑ መጀመሪያ ይከተፋል፣ ከዚያ ይታጠባል። በድስት ሙሉ ውሃ ይቀቀላል። ይጠነፈፍና በእጅ እፍን ተደርጎ ይጨመቃል። አረንጓዴው ውሃ ይደፋል። ከቫይታሚን ሲውና ከፎሌቱ ብዙው አብሮት ይሄዳል። ካልሲየሙ በአመዛኙ ቅጠሉ ላይ ይቀራል፤ ደግነቱ እሱ ነው።

እንዲህ ሞክሩት። ቅጠሉን ሳይከተፍ እጠቡት። ወፍራሙን አከርካሪ በቢላ አውጡ። አምስት ስድስቱን ቅጠል ደራርባችሁ ጠቅልሉና በቀጭኑ ክተፉ። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላሉ፣ ከዚያ እርጥቡን ጎመን ጨምራችሁ ክደኑት። ቅጠሉ ላይ የቀረው ውሃ ይበቃዋል። ሊይዝባችሁ ሲል ብቻ ግማሽ ስኒ ውሃ ጠብ አድርጉለት። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ ይከተል፤ ቃሪያው ድስቱ ከወረደ በኋላ ይግባ። ዘይቱን ፈርታችሁ ጨርሳችሁ አትተዉት፤ ቅጠሉ ውስጥ ያለው የቫይታሚን ኤ መነሻ ያለ ስብ በደንብ አይመጠጥም።

ቆስጣ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ቀቅሎ ውሃውን መድፋት የኦክሳሌቱን የተወሰነ ክፍል ያወጣል። ቫይታሚኑ ይቀንሳል፣ ግን ለአንዳንድ ሰው መድፋቱ ይሻላል። የሚቀጥለው ጠያቂ ከነሱ አንዱ ነው።

ጥያቄ፦ የኩላሊት ጠጠር ነበረብኝ። አሁን ጠዋት ጠዋት የቆስጣ ጁስ ጀምሬያለሁ። ጥሩ አይደለም እንዴ?

ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ተወው። አብዛኛው የኩላሊት ጠጠር ከካልሲየምና ከኦክሳሌት የሚሠራ ነው። ጥሬ ቆስጣ በጁስ መልክ ስትጠጣ በአንድ ብርጭቆ ብዙ ቅጠል ነው የሚገባው። ውሃው ያልተደፋ፣ ኦክሳሌቱም ያልተነካ። ጎመን ይሻልሃል። ውሃ በብዛት ጠጣ፤ ጠጠሩ ምን ዓይነት እንደነበረም ሐኪምህን ጠይቅ። ጠጠር ለሌለበት ሰውም ቢሆን በየቀኑ በትልቅ ብርጭቆ የቆስጣ ጁስ መጠጣት አልመክርም።

ጥያቄ፦ እናቴ የልብ ቫልቭ ተቀይሮላት ዋርፋሪን ትወስዳለች። ጎመን ክልክል ነው ብለዋት ጨርሳ ተወች። እውነት ነው?

ይሄን ጥያቄ በደንብ አንብቡልኝ፤ ብዙ ቤት አለና። ዋርፋሪን ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው የቫይታሚን ኬን ሥራ በመግታት ነው። ጎመን 437 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኬ አለው፣ ቆስጣ ደግሞ 830። በዛ አድርገው ሲበሏቸው የመድኃኒቱ ኃይል ይደክማል።

መፍትሔው ግን ጨርሶ መተው አይደለም። ሐኪሙ መድኃኒቱን የሚለካው በአመጋገቧ ልክ ነው። ስለዚህ የምትበላው መጠን ከሳምንት ሳምንት ተመሳሳይ ይሁን። አደገኛው ድንገተኛ ለውጥ ነው። ለውጡ ደግሞ በኛ አገር ቀን ተቆርጦለት ይመጣል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ገበታው በአንዴ ወደ ጎመን ይዞራል፤ 55 ቀን ይቆያል። ፋሲካ ላይ ደግሞ በአንድ ሌሊት ይገለበጣል። ጾሙ ሲገባ መድኃኒቱ ሊያንሳት ይችላል፣ ሲፈታ ደግሞ ሊበዛባት።

ስለዚህ ጾም ከመግባቱ በፊት ለሐኪሟ ትንገር። ጾሙ ሲጀመርም ሲፈታም ደሟ ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለካውን የአይ ኤን አር ምርመራ ትድገም። ጎመኑን እንደገና ልትጀምር ከሆነም እንዲሁ ተነጋግራ፣ ቀስ በቀስ።

ጥያቄ፦ ጎመን እንቅርት ያመጣል ይባላል።

ጎመን ውስጥ ታይሮይድ ዕጢ አዮዲን እንዳይጠቀም የሚያውኩ ነገሮች አሉ። ችግር የሚሆኑት አዮዲን በሌለበት፣ ጎመን ደግሞ በጣም በበዛበት ነው። ሲበስልም ይቀንሳሉ። አዮዲን ያለው ጨው ግዙ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፣ ጎመናችሁን ብሉ።

ጥያቄ፦ ለማርገዝ እያሰብኩ ነው። ጎመን ፎሌት ካለው ፎሊክ አሲድ መዋጥ ግድ ነው?

አዎ፣ ግድ ነው። ፎሊክ አሲድ ማለት በእንክብል የሚዋጠው ፎሌት ነው። የፅንሱ ህብለ ሰረሰር የሚገጥመው በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት ነው፤ ብዙ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ ማለት ነው። የጎመኑ ፎሌት ደግሞ እሳት ላይ ይቀንሳል። ከእርግዝና በፊት ጀምረሽ በቀን 400 ማይክሮግራም ውሰጂ። ጎመኑን ከላዩ ጨምሪበት እንጂ በእንክብሉ ፋንታ አትያዢው።

ጥያቄ፦ የአቃቂ ወንዝ አትክልት እያሉ ያስፈራሩናል። በሎሚና በጨው ባጥበው ይበቃል?

ስጋቱ መሠረት አለው። በአቃቂ ወንዝ ውሃ በሚለሙ አትክልቶች ላይ ከባድ ብረቶች በጥናት ተገኝተዋል፤ ቅጠላ ቅጠል ደግሞ ቶሎ ይስባል። መታጠብ አፈሩንና ጀርሙን ያነሳል፣ ማብሰል ጀርሙን ይገድላል። ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ብረት ግን ሎሚም ጨውም አያወጣውም። የሚበጀው ሻጩን “ከየት መጣ?” ብሎ መጠየቅ ነው። ጥቂት መሬት ያለው ደግሞ ጎመን ይትከል። ከታች ከታች እየቀነጠሰ ለወራት ይበላል።

ጥያቄ፦ እኔ ሜሪላንድ፣ እህቴ ቤሩት ነን። የሐበሻ ጎመን የለም። ምን እንግዛ?

አንቺ ኮላርድ ግዢ፤ በረዶ ቤት የገባውም ይሆናል። ኬልም ቢሆን ችግር የለውም። ቆስጣ ስትፈልጊ ስዊስ ቻርድ ብለሽ ጠይቂ። እህትሽ ጋ ቆስጣን ሲልቅ ይሉታል፣ ገበያው ሞልቶታል። የሐበሻ ጎመን የኛው አገር ተክል ነው፤ ምጣድ የምናስስበት ጎመን ዘርም ከዚሁ ተክል ነው የሚገኘው። ዘሩን አስልካችሁ በሳጥን አፈር ብትዘሩት ይበቅላል፤ በፖስታ ዘር ስለማስገባት ግን መጀመሪያ የአገሩን ሕግ አጣሩ።

ጥያቄ፦ የ8 ወር ልጅ አለኝ። የቱን ልስጣት?

ጎመን፣ ለስላሳውን ቅጠል፣ በደንብ አብስለሽና ፈጭተሽ፣ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርገሽ። ከእንቁላል ወይም ከድንች ጋር ብትቀላቅዪው ትወደዋለች። ቆስጣም አልፎ አልፎ ይሆናል። ግን ሁለቱንም ትኩስ ትኩሱን ስጫት። በተለይ የበሰለ ቆስጣ ናይትሬት ስለሚበዛበት ደጅ አድሮ ለሕፃን አይሰጥም፤ የተረፈውን አንቺው ጨርሺው።